ጠያቂዋን ማን ይጠይቃት

ደሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፊርደውስ፤

ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከርመዋል? የጅዳ ሙቀትስ በረደልዎ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይክበር ይመስገን፣ የደሴን ብርድ ደርበን ደራርበን ለብሰን እየገፋነው ነው።

ነጋዴው ተውፊቅ ለሸቀጥ ወደ እናንተ እንደሚሄድ ትናንት ሰኞ ገበያ ሰፈር አግኝቶኝ ነገረኝና ይህችን ጻፍኩ። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ቢጠፋ የጀመርነው ደብዳቤ፣ ስልኩ ከተመለሰ በኋላም አለመቅረቱ ደስ ይለኛል። በስልክ «ደህና?» «ደህና» ተባብለን እንዘጋዋለን፤ ወረቀት ግን ሰው እስኪጨርስ ይጠብቃል።

አደራዎን አልረሳሁም። ባለፈው እሑድ ወደ ደጋን ወርጄ እናትዎን እማማ ኡሙሰልማን አየኋቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። «የክርስቲያኗ ልጃችን መጣች» ብለው ጎረቤቱን ሰብስበው፣ የእኔን ሴት አያትና የእርስዎን ወንድ አያት አንድ እናት እንደወለደቻቸው፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን አንዱ መስጊድ እንደቀሩ ለመቶኛ ጊዜ ተረኩላቸው።

የእኔ ነገር ያው እርስዎ የሚያውቁት ነው። እርስዎ እዚያ በሴቶች የአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ እኔ እዚህ፤ ሁለታችንም ነርሶች፣ ሥራችን አንድ። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ሥልጠና ነበረን። በአእምሮ ሕክምና የምንሠራውን ሁሉ ሰብስበው ስለ ጽናት፣ «የባለሙያ የመቋቋም አቅም» ስለሚሉት ነገር አስተማሩን። ትንፋሽ ሳቡ፣ በእግር ተንሸራሸሩ፣ እንቅልፍ አታጉድሉ አሉን። አሠልጣኙ «እናንተ ሰውን ትጠይቃላችሁ፤ እናንተንስ ማን ይጠይቃችኋል?» ሲል፣ ከኋላ አንዱ «እግዜር!» አለና ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሻይ ሰዓት ሆነ።

ከጦርነቱ ወዲህ አልጋችን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከባልደረቦቼ ሁለቱ ለቀዋል፤ በቦታቸው ሰው አልተተካም። ለማማረር አይደለም፣ ለወግ ያህል ነው።

ታናሽዎ ሰርካዲስ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካዲስ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በቤትሽ ይደር፤ እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ሁሉ አፊያ ያግኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እናቴን ስላየሽልኝ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። የደም ግፊት ክኒኗን «ሲያመኝ እውጠዋለሁ» እያለች ታስቀምጠዋለች አሉኝ። አንቺን ትሰማለችና ቆጣ በያት።

ስለ ሥልጠናው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቃችሁን ጻፍሽልኝ፤ ከሳቁ በኋላ ምን እንዳሰብሽ ግን አልጻፍሽም። አላስጨንቅሽም፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሁለቱ ከለቀቁ ወዲህ ተረኛ ስትሆኚ ከማን ጋር ነሽ? በር ላይስ ዘበኛ አለ? በእኛ ሥራ ብቻን መቆም ጀግንነት እንዳይመስልሽ። አደራ።

እህትሽ ፊርደውስ


ደሴ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ፊርደውስ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራም በጣም ጥሩ ነው። ደጋን ሰሞኑን አልወረድኩም፤ ጊዜ አጥቼ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዛሬ የማስቸግርዎ ጉዳይ አለኝ። እዚያ ነርስ ይፈልጋሉ ሲባል እሰማለሁ። የአእምሮ ክፍል ባይሆን እመርጣለሁ። ሕፃናት ክፍልም ቢሆን፣ አረጋውያን የሚጦሩበትም ቢሆን። እሱ ካልተገኘ የሰው ቤት ሥራም አልጠላም። ቶሎ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣ ሰርካዲስ


ጅዳ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርካዲስ እህቴ፤

በዚህ በተከበረ ወር አላህ ቀልብሽን ያሳርፍልሽ። ዘንድሮ ጾማችን ገጥሟል፤ እናንተም ሁዳዴ ላይ እኛም ረመዳን ላይ ነን። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ የጻፈው እጅ ግን ያንቺ አይደለም። ያንቺ ፊደል እንደ ሐረጎ ዳገት ላይ ዛፍ ወደ አንድ ጎን የተጋደለ ነው፤ ይሄኛው እንደ ሰሌዳ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ የቆመ። «ክብርት ወይዘሮ» ብለሽኝም አታውቂም። «በጣም ደህና ነኝ» የሚል ሕመምተኛ ሲመጣብሽ አንቺ ምን ትያለሽ? እኔም እሱን እላለሁ።

እናቴ በስልክ «ያቺ ልጅ ጠፋችብኝ፤ አስቀይሚያት ይሆን?» እያለች ታዝናለች። ዲግሪ ይዘሽ የሰው ቤት ልጥረግ ያልሽው ለምን እንደሆነ አላውቅም። አልቆጣሽም። ማን ነው የጻፈልሽ? እጅሽስ የት ሄዶ ነው?

ፊርደውስ


ደሴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፊርደውስ፤

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ፤ ሲደክመኝ እያሳረፍኩት ነው።

ያኛውን የጻፈችልኝ የሥራ ባልደረባዬ አትጠገብ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «በጣም ደህና ነኝ» ስል ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈችው።

ነገሩ የደረሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። በራችን ላይ የነበረው ዘበኛ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰደ ቆይቷል፤ እርስዎ ሲጠይቁኝ ያልመለስኩልዎ አፍሬ ነው። የዚያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ። ምንተስኖት የሚባል ልጅ አለ። እናቱ ወይዘሮ ገበያነሽ ሰኞ ገበያ ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። ከጦርነቱ ወዲህ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ሲሻለው የክፍሉን ወንበር ሁሉ እሱ ነው የሚደረድርልን። መድኃኒቱን ካቆመ ሰንብቶ ኖሮ በኮሪደሩ የሚመጣው ሁሉ ሊይዘው የመጣ መሰለው። ልገባ ስል የብረቱን በር ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። እጄ መሐሉ ነበር።

አጥንቱ ገጥሟል፣ ጀሶውም ተፈቷል። ያልገጠመው ሌላ ነው። በር ሲዘጋ ሰውነቴ ብድግ ይላል። የጎረቤት በርም ቢሆን፣ የሚኒባስ በርም ቢሆን። ሥራም ጥሩ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። የሕመም ፈቃዴ አልቋል፤ አሁን ወገቤን አሞኛል እያልኩ ቤት ተቀምጫለሁ።

በልጁ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በማግሥቱ ነው። አለቃችን ቀለሙ «አይዞሽ፣ የሥራው ጸባይ ነው» አለኝ፤ በቃ። እንደ ዝናብ፣ እንደ ጭቃ። ከእጄ በፊትም ግን ደርቄ ነበር፣ እትዬ። አንዲት እናት ልጇ እንዴት እንደሞተባት ስትነግረኝ ሰዓቴን ሰርቄ ሳይ ራሴን ያዝኩት። ያን ቀን ነበር ለሰው መንገር የነበረብኝ።

ለሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። እኔ ልታከም ብል ግን ደሴ ሙሉ ያውቀኛል። «የእብድ ሐኪሟ ለራሷ አበደች» ይሉኛል። እባክዎ፣ በእናትዎ፣ ከዚህ ያውጡኝ።

ሰርካዲስ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርኬ፤

ተጣሞም ቢሆን ያንቺ እጅ ነውና ደብዳቤሽን ሳየው ሳምኩት። አብሽሪ እህቴ። ለእኔ አታስቢ፣ ደህና ነኝ።

ቪዛውን እጠይቅልሻለሁ፤ ወላሂ እምቢ አላልኩም። ግን እኔ ክፍል ከሚተኙት ሴቶች ብዙዎቹ የኛው አገር ልጆች ናቸው፤ የሐይቅ፣ የከሚሴ፣ የደሴ ዙሪያ። አረብኛ ሲያቅታቸው እኔ ነኝ የማስተረጉምላቸው። ሁሉም ሐዘናቸውን አገር ቤት ጥለውት የሚመጡ መስሏቸው ነበር። ሐዘን ፓስፖርት አይጠየቅም፤ አብሮ ይሳፈራል። አንቺ መጀመሪያ ታከሚ። ከዚያ በኋላ ልምጣ ካልሽ ትመጫለሽ።

ደሴ ካፈርሽ ኮምቦልቻ ውረጂ። የሚያሳፍር ነገር ስላለ አይደለም፤ ዛሬ አቅምሽ እሱን ያህል ከሆነ በእሱ ጀምሪ ብዬ ነው። ሥልጠናው ላይ ካገኘሻቸው አንድ የምታምኚው ሰው አይጠፋም። ስትገቢ ግን ነርስነትሽን በር ላይ ተይው። መድኃኒቱን አንቺ እንዳትመርጪለት።

ጽናት ሲባል እኔም ልጅ ሳለሁ ድንጋይ መሆን ይመስለኝ ነበር። ድንጋይ አይሰማም፤ እኛ ደግሞ እንጀራችን በመስማት ነው። ሰዓትሽን ያየሽው ልብሽ ስለከፋ እንዳይመስልሽ። የሞላ እንስራ ላይ ውሃ ቢገለብጡበት ይፈሳል እንጂ አይገባም። ሞልተሽ ነው።

እኔን ያቆየኝ ምን መሰለሽ? ሚላ የምትባል የፊሊፒንስ ነርስ ናት። ከሥራ ስንወጣ ልብስ ከምንቀይርበት ክፍል አግዳሚው ላይ ቁጭ እንል ነበር። አንዳችን የዕለቱን ትናገራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። ምክር የለም፣ «አንቺኮ» የለም። አንዳንድ ቀን እንስቃለን፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብለን ጫማ እናስራለን። ከዚያ እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱኤን አድርጌ፣ የሕመምተኞቼን ስም በዱአ አንድ በአንድ ለአላህ አስረክቤ ወደ ቤት እሄድ ነበር። ቤቴ ስገባ እነሱ ከእኔ በሚበልጥ እጅ ላይ ናቸው።

ሂጂና ጻፊልኝ።

ፊርደውስ


ደሴ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፊርደውስ፤

ለነገሩ ሁሉ ባለቤት ምስጋና ይሁንና፣ ሄድኩ። ሦስቴ ተነሥቼ ሦስቴ ከመነኸሪያው ተመልሼ ነበር፤ በአራተኛው አትጠገብ ሚኒባሱ ድረስ ሸኝታኝ እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ እጄን ይዛ ቆመች።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ደጉ የሚባል የአእምሮ ነርስ አለ። ሥልጠናው ላይ «እግዜር!» ያለው እሱ ነው። ስደውልለት «ነይ» ብቻ አለኝ፤ ለምን አላለም።

ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ተከናንቤ ወረፋው ላይ ተቀመጥኩ። ካጠገቤ የተቀመጡት ሴትም ተሸፋፍነዋል። ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን እናያለን። የምርመራ ክፍሉ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ዘልዬ ተነሣሁ። ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝና «አይዞሽ፣ በር ነው» አሉኝ።

ድምፃቸውን ዐወቅኩት። ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያዩት እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ ነው።

«ሲስተር?»

«አቤት፣ እማማ።»

«እመ ብርሃን! ወደዚህ ተዛወርሽ እንዴ?»

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አይ፣ ልታከም ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ከደሴ ድረስ?»

«እርስዎስ ከደሴ ድረስ?»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና «እኔማ ካንቺ ሸሽቼ ነው» አሉ። «ልጄ እጅሽን ሰብሮ በየት ዐይኔ ልይሽ? ሌላው ቢሆን በከሰሰኝ ነበር። መድኃኒቱ ሲያልቅበት እናንተ ክፍል መምጣት ከበደኝ፤ ያለኝን ይዤ እዚህ አመላልሰዋለሁ። አንቺስ?»

«እኔም ከምንተስኖት ሸሽቼ ነው፣ እማማ።»

ተያየን። መጀመሪያ እሳቸው ናቸው የሳቁት፤ እንባቸው እየወረደ። እኔም ሳቅኩ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን፤ እዚያ ቦታ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ምን እንደሚባል ያውቃሉ።

ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ኖሮ ምንተስኖት መጣ። ከስቷል፤ ዐይኑ ግን የራሱ ሆኗል። ሲያየኝ ቆመ። እኔም ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ፤ ልቤ እሱን ያውቀዋል፣ ሰውነቴ ግን በሩን ነው የሚያውቀው። ከእኔ ፈንጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይመስለኛል እንዳልፈራ ብሎ ነው።

«እጅሽ ዳነ?» አለኝ።

«ድኗል።»

«ወታደር መስሎኝ ነው። አንቺን አላየሁሽም።»

«አውቃለሁ፣ ምንተስኖት።»

«እኔ ግን ሳስበው ያመኛል።»

ደጉ በሩን ከፍቶ ሦስታችንን ሲያይ አንድ ጊዜ ደነገጠና «ማን ይቅደም?» አለ። ተራው የነሱ ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ ከትከሻዬ ገፋ አደረጉኝ። «እሷ ትግባ። የኛ ለውጥ አለው፤ የሷ ገና ነው።»

ገብቼ ምን እንዳወራሁ አልነግርዎትም፤ ብዙውን ማልቀስ ነው። ስወጣ ጠብቀውኝ ነበር። የሐረጎን ዳገት በአንድ ሚኒባስ ወጣን። እሳቸው መሐላችን ተቀምጠው ነበር። ረዳቱ በሩን ሊዘጋው ሲል፣ እናቱ ነግረውት ኖሮ፣ ምንተስኖት ቀድሞ «ሊዘጋው ነው» አለኝ።

ለሁለተኛውም ቀጠሮ አብረን ነው የወረድነው። ቪዛውን ለጊዜው ይተዉልኝ።

ሰርካዲስ


ደሴ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ፊርደውስ፤

አዲሱ ዓመት የበረከት ይሁንልዎ። ለሰኔው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። ተውፊቅ «ሰጥቻታለሁ፤ ተቀብላኝ ቶሎ ገባች» አለኝ። ቤት ድረስ ሳያስገቡት መቅረትዎ አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም።

ሥራ ገብቻለሁ። ከመግባቴ በፊት ቀለሙ ዘንድ ሄጄ «ዘበኛው ይመለስ፤ ብቻዬን ተረኛ አልሆንም» አልኩት። «ሁሉም እንዲህ ካለ ክፍሉ ይዘጋል» አለኝ። አትጠገብ ከኋላዬ ገብታ «እኔም እንደሷ ነኝ» አለች። ሌሎቹም ገቡ። ቀለሙ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «እኔን ማን እንዲህ ባስተማረኝ። ዐሥር ዓመት ብቻዬን አደርኩ» አለ። ዘበኛው ተመልሷል። ለካ እሱም ሰው ኖሯል፤ ተቀይሜው መክረሜ ቆጨኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ መቀመጥ ጀምረናል። ሁሌ አይሰምርም። የመጀመሪያው ቀን ስለ ደመወዝ አውርተን ተለያየን። አንድ ሐሙስ አትጠገብ ስለ አንዲት ሕመምተኛ ጀምራ መጨረስ አቃታት፤ ማንም አልመከራትም፤ አብረናት ቆየን። ባለፈው የመጣነው ሁለት ሰው ብቻ ነን። በር ሲዘጋ ዛሬም ብድግ እላለሁ። ግን አሁን ከጎኔ ያለ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ምንተስኖትም ክትትሉን ወደኛ መልሷል፤ እናቱ እየተሸፋፈኑ መምጣት ትተዋል።

እትዬ፣ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው። ስለ እናትዎ አለ፣ ስለ እኔ አለ፤ ስለ እርስዎ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ብቻ ነው ያለው። ከሚላ ጋር «ቁጭ እንል ነበር» ብለው ጻፉልኝ። «ወደ ቤት እሄድ ነበር» አሉኝ። ያኔ የራሴ ነገር ይዞኝ አላስተዋልኩትም። ነበር ማለት ምንድን ነው? አሁንስ?

በአንቱታ ብጠይቅዎት በምስጋና ሸፍነው ያልፉኛል። ስለዚህ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

እትዬ፣ እንዴት ነሽ?

ሰርካዲስ


ጅዳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰርኬ፤

«አንቺ» ያልሽኝን እንዳትመልሺው። እዚህ አገር በአማርኛ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ደህና አይደለሁም።

ሚላ አገሯ ከገባች ሁለት ዓመት አለፋት። ከሷ በኋላ አግዳሚው ላይ ብቻዬን መቀመጥ ከበደኝና ልብሴን ቶሎ ቀይሬ መውጣት ጀመርኩ። ዱአውም እንደዚሁ ቀስ በቀስ ቀረ። ስም ስጠራ መሐል ላይ ይጠፋብኛል።

በሐምሌ አንዲት ልጅ ሞተችብን። ከደሴ ዙሪያ ናት፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ስትገባ አፏን የፈታችው ለእኔ ነው፤ የቀዬዋን አነጋገር ስትሰማ ጊዜ ጉያዬ ውስጥ ገባች። ቀኑን ሙሉ «አክስቴ» ስትለኝ ትውል ነበር። የሞተችው እኔ እረፍት ላይ በነበርኩ ቀን ነው። አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው የለምና ለአባቷ በስልክ እንድነግር ጠሩኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው «አንቺ አጠገቧ ነበርሽ?» አሉኝ። በማግሥቱ ወደ ሥራ ገባሁ፤ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔም ለማንም አላልኩም። የሰኔው ደብዳቤሽ በዚያ ሳምንት ነው የደረሰኝ። መዳንሽን አነበብኩና ደስ አለኝ፤ ለመመለስ ግን እጄ እምቢ አለ። ላንቺ ያልኩትን ሁሉ ለራሴ ማለት አልቻልኩም።

የመስከረሙ ሲመጣ መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ወጥ እሳት ላይ ጥጄ ነበር፤ አረረ። ከዚያ ጀምሮ ማልቀስ ችያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይሄኛውን ምስጋና ከልቤ ነው የምልሽ። ወደ አለቃዬ ሄጄ ሕመሜን ነገርኳት። እሷም ሰምታኝ ስታበቃ በሩን ዘጋችና የራሷን ነገረችኝ። እዚህ ላለ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች፤ ከዚያ የወር ፈቃድ ሰጥታኛለች።

በኅዳር መጨረሻ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ እደርሳለሁ። አንቺ ብቻ ነይ። ለእናቴ ቀኑን እንዳትነግሪያት። መጀመሪያ ካንቺ ጋር ተቀምጬ የልጅቷን ስም ልንገርሽ፤ እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። መንደሯ በጣም ካልራቀ አባቷን ሄደን እንጠይቃቸው፤ ለጥያቄያቸው መልስ ባይኖረኝም ፊቴን ይዩት። ብቻዬን አልችለውም፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።

ከዚያ ደጋን እንወርዳለን። እናቴ ገና ከበር ስታየኝ «ምነው፣ ከሳሽ?» ትለኛለች። እሷንም አልዋሻትም።

ያንቺው ፊርደውስ